ከተማ ለልጅ ጠባብ ነው? ስለ ልጆች የዕረፍት ቀን ውሎ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ከወላጅ ወደ ወላጅ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የከተማ ወላጅ በዕረፍት ቀን ልጁን የት ይውሰድ፣ ምን ያስተምር ለሚለው ጥያቄ መልስ አለኝ ይላል። ያነሣው ችግር እውነተኛ ነው፤ ጸሐፊውም ለልጆች አስበው እንደጻፉት ከአጻጻፋቸው ይታያል። መልሱ ግን በብዙ ቦታ ስቷል። ምክሩን አምኖ የተከተለ ቤተሰብ ከአንድ ወር በኋላ የሚተርፈው የደከመ ልጅና የተራቆተ ኪስ ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ መመለስ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ የተባለውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጸሐፊው ስድስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ከተማ ውስጥ ልጅ በነጻ የሚጫወትበት ቦታ ስለጠፋ የቀረው አማራጭ የሚከፈልበት መዝናኛና ኮርስ ነው። ሁለተኛ፣ ተሰጥኦ ቶሎ የሚታወቀው ብዙ በመሞከር ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ በኮርስ መሞላት አለባቸው፤ ሥልጠናውም በሦስት በአራት ዓመት ቢጀመር ይመረጣል። ሦስተኛ፣ አንድ ጊዜ ያቋረጠ ልጅ ማቋረጥን ይለምዳልና ቢያለቅስም በሽልማት እየተባበለ ይቀጥል። አራተኛ፣ ሙዚየም ወይም የእንስሳት ማቆያ ከተገባ ቀኑን ሙሉ ቆይቶ ሁሉንም ማየት ነው፤ አለዚያ የመግቢያው ገንዘብ ባክኗል። አምስተኛ፣ ዕድሜያቸው የተራራቀ ልጆች አብረው የሚደሰቱበት ቦታ ስለሌለ ለየብቻ መወሰድ አለባቸው። ስድስተኛ፣ የት እንደሚኬድ የሚመርጠው ወላጅ ብቻ ነው፤ ለዚህም «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ይጠቅሳሉ።

የእኔ አቋም ከዚህ የተለየ ነው። ለከተማ ልጅ የሚበጀው ውሎ ቅርብ፣ አጭርና የሚደጋገም ነው፤ ልጁም ተራ ሲጠብቅ የሚውልበት ሳይሆን በእጁና በእግሩ የሚሠራበት ነው።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሣ። ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ነገር አለ፤ መንገዱን መኪና ይዞታል፣ ባዶ የነበረው ቦታ ታጥሯል፣ ልጅን «ውጣና ተጫወት» ብሎ መልቀቅ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ ከፍለህ ግባ» ወደሚለው መድረስ ግን አይቻልም። የከተማ ጥበት ዛሬ የመጣ ችግር አይደለም፣ ከዚህ በፊትም ተፈትቷል። አርክቴክቱ አልዶ ቫን አይክ ከእ.ኤ.አ. 1947 እስከ 1978 ድረስ በአምስተርዳም ከ700 በላይ የልጆች መጫወቻዎች ነድፏል። ብዙዎቹ የተሠሩት በመንገድ ማዕዘን፣ ቤት በፈረሰበት ቦታና በሕንፃዎች መካከል በቀረ ቁራሽ መሬት ላይ ነበር። ውስጣቸው የነበረው የአሸዋ ገንዳ፣ የሚዘለልባቸው የኮንክሪት ጉማጆችና ከብረት ቱቦ የተሠራ መንጠላጠያ ነው፤ ከዚህ ብዙም አያልፍም። ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1943 በኮፐንሃገን ኤምድሩፕ የተከፈተው መጫወቻ ደግሞ የተገጠመ ዕቃ እንኳን አልነበረበትም። ሐሳቡን ያፈለቀው የመናፈሻ ነዳፊው ካርል ቴዎዶር ሶረንሰን ልጆች በተሠራላቸው መጫወቻ ከሚጫወቱት ይልቅ በውዳቂ ዕቃና በግንባታ ቦታ መጫወትን እንደሚመርጡ አስተውሎ ነበር። እንጨትና መሣሪያ ተሰጣቸው፣ የራሳቸውን ጎጆ ሠሩ።

«ቦታ የለም» የሚል ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው በርና ቲኬት ያለውን ቦታ ነው። ፍለጋው መጀመር ያለበት ከቤት ደጅ ነው፤ በልጁ እርምጃ 15 ደቂቃ የሚያስኬደውን ዙሪያ በእግር ማሰስ። በልጁ እርምጃ ያልሁት በምክንያት ነው፤ አዋቂ በ15 ደቂቃ የሚጨርሰው መንገድ ለአራት ዓመት ልጅ ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። እጅ ተይዞ የሚኬድበት ዝቅተኛ ግንብ፣ መኪና የማይገባበት ተዳፋት፣ ሰፊ ደረጃ፣ ቅርንጫፉ ዝቅ ያለ ዛፍ፣ ከአጥር ውጭ ቆሞ ክሬን ሲሠራ የሚታይበት ቦታ፣ ባቡር ወይም አውቶቡስ ከሥሩ የሚያልፍበት ድልድይ፣ የልጆች ክፍል ያለው ቤተ መጻሕፍት፤ የሚፈለገው ይህ ነው። አራት አምስት እንዲህ ያለ ቦታ ከተገኘ የወሩ ውሎ ተገኘ። ከእነዚህ ቢያንስ አንዱ ጣሪያ ያለው፣ አንዱ ደግሞ ጥላ ያለው ይሁን፤ ዕቅድ የሚፈርሰው በአብዛኛው በዝናብና በፀሐይ ነውና። የቤተ መጻሕፍት የተረት ሰዓትና የልጆች ዝግጅት ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ ብቻ ስለሚለጠፍ ሄዶ ማየት፣ የልጆች ክፍሉን ሠራተኛም መጠየቅ ይጠቅማል።

ጸሐፊው «ነጻ መጫወቻ ሜዳ አደገኛ ነው» ያሉትም በከፊል እውነት አለው፤ የተጎሳቆሉ መጫወቻዎች አሉ። ግን አደጋው በዓይን ተፈትሾ የሚታወቅ ነው። መጀመሪያ መሬቱን ማየት። ከመንጠላጠያና ከሸርተቴ ሥር ያለው ኮንክሪት፣ አስፋልት ወይም የጠጠረ አፈር ከሆነ ልጁ ከፍ ወዳለው እንዳይወጣ ማድረግ ነው፤ በአሸዋ ወይም በእንጨት ፍርፋሪ የተሸፈነ ከሆነ ጥልቀቱ 30 ሴንቲሜትር ግድም መሆኑን በእግር መፈተሽ ያስፈልጋል፣ በተለይ ዥዋዥዌው ሥር፣ ምክንያቱም እዚያ እየተገፋ ይሳሳል። ቀጥሎ ክፍተቶችን ማየት፤ ከ9 እስከ 23 ሴንቲሜትር የሚሆን ክፍተት የትንሽ ልጅ ገላ ያሳልፍና ጭንቅላቱን ይይዛል። በፀሐይ የዋለ ብረትና ፕላስቲክ ቆዳ ያቃጥላልና በእጅ ጀርባ መንካት። የሳይክል ሄልሜት መንጠላጠያ ላይ ከመወጣቱ በፊት ይውለቅ፤ ሄልሜቱ ክፍተት ውስጥ ተሰንቅሮ ልጁን ሊያንቀው ይችላል። አንገት ላይ የሚንጠለጠል ገመድና ሻርፕም እንዲሁ። ብዙ ወላጅ የማይጠረጥረው አንድ ነገር ደግሞ ሕፃንን ጭን ላይ አስቀምጦ ሸርተቴ መውረድ ነው፤ የሕፃኑ እግር ጠርዙን ሲይዘው የአዋቂው ክብደት መውረዱን ስለሚቀጥል ቅልጥሙ ሊሰበር ይችላል። ብቻውን መውረድ የማይችል ልጅ ለዚያ ሸርተቴ ገና ነው። ይህን ሁሉ ለማየት አምስት ደቂቃ በቂ ነው፤ ያልተፈተሸ የሚከፈልበት ቦታም ከተፈተሸ ነጻ ሜዳ የበለጠ አስተማማኝ አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ ዋናው ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። «ልጄ ቅዳሜ ሦስት ኮርስ አለው» ሲባል ብዙ የሠራ ይመስላል። ሰዓት ይዞ ማየት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። አንድ የጂምናስቲክ ክፍል እንውሰድ። አሠልጣኙ አንድ ነው፣ ልጆቹ 12፣ የሚዘለልበት ፍራሽ አንድ፣ የሥራው ጊዜ 40 ደቂቃ። አንድ ልጅ ሮጦ ዘልሎ ወደ ሰልፉ እስኪመለስ 40 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ ተራው የሚደርሰው በየ8 ደቂቃው ነው፤ በ40 ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ ይዘላል ማለት ነው። አምስት ጊዜ 40 ሴኮንድ 3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይሆናል። የቀረውን 36 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ልጁ የቆመው ሰልፍ ላይ ነው፤ እዚያም የፊተኛውን ሲገፋ፣ ካልሲውን ሲያወልቅ «አይታዘዝም» ይባላል። ያው አሠልጣኝ እነዚያኑ 12 ልጆች አራት አራት አድርጎ በሦስት ቦታ ቢከፍላቸው፣ ለምሳሌ አንዱ ፍራሽ ላይ፣ አንዱ መሬት ላይ በተሰመረ መስመር፣ አንዱ በኳስ፣ እያንዳንዱ ልጅ 15 ጊዜ ተራ ይደርሰዋል፣ 10 ደቂቃም ይንቀሳቀሳል። ክፍያው ያው ነው፣ ልጁ የሚያገኘው ግን ሦስት እጥፍ።

ከመመዝገብ በፊት የሙከራ ቀን ጠይቆ ጥግ ላይ መቀመጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አንድ ልጅ ይመረጥ፣ የራስ ልጅ ባይሆን ይሻላል፤ ስንት ደቂቃ ሠራ፣ ስንት ደቂቃ ቆመ ተብሎ ይመዝገብ። የጊዜውን ሩብ እንኳን የማይንቀሳቀስ ከሆነ ሌላ ቦታ መፈለግ ነው። ቀጥሎ አሠልጣኙ የልጆቹን ስም ያውቅ እንደሆነ፣ ያቃተውን ልጅ ቀለል ያለ ነገር ይሰጠው ወይስ ዳር ያስይዘው እንደሆነ፣ ልጅ ሽንት ቤት ሲሄድ ማን እንደሚያጅበው፣ ወላጅ ገብቶ ማየት ይፈቀድለት እንደሆነ ማየት። የመጨረሻውን «አይፈቀድም» የሚል ቦታ ምክንያቱን ይናገር፤ ትንንሽ ልጆች ወላጅ ሲያዩ ስለሚበተኑ ነው ካለ በመስኮት ወይም በወር አንድ ቀን ማየት ይቻላል። በጭራሽ አይታይም ካለ ግን ልጅ እዚያ አይተውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል ይላል። በ2019 ደግሞ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ፣ ከዚያም ውስጥ 60ውን በጉልበት መንቀሳቀስ እንዳለባቸው አስቀምጧል። በሰልፍ ከተበላ የቅዳሜ ኮርስ ይህ አይገኝም። ከቤት አጠገብ ካለ ተዳፋት ላይ ግን ይገኛል። የዓይንም ነገር አለ። በቻይና ጓንግጆ 12 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ በየትምህርት ቀኑ ተጨማሪ 40 ደቂቃ ከቤት ውጭ የዋሉ የአንደኛ ክፍል ልጆች ከሦስት ዓመት በኋላ ሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር የታየባቸው 30 ከመቶ ግድም ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ 40 ከመቶ ያህሉ ላይ ታይቷል። ቅዳሜውን ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ በመኪና የሚጓዝ ልጅ ከቤት ውጭ የሚውልበት ይህ ጊዜ ያመልጠዋል።

በጊዜ መጀመርን በተመለከተ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ምክር ግልጽ ነው፤ በአንድ ስፖርት ብቻ መሠልጠን ቢያንስ እስከ 15 ወይም 16 ዓመት ቢዘገይ ይመረጣል፣ በሳምንትም አንድ ወይም ሁለት ቀን ከሥልጠና ማረፍ ያስፈልጋል። የስፖርት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል መለኪያም አለ፦ የሳምንቱ የሥልጠና ሰዓት ከልጁ ዕድሜ አይብለጥ። ሰባት ዓመት ከሆነ ሰባት ሰዓት ጣሪያው ነው፤ ግቡ ማለት አይደለም። ጸሐፊው ስለ ሙዚቃ ያነሡት «ሞዛርት የሰማ ሕፃን ብልህ ይሆናል» የሚለው ወሬም መታረም አለበት። ወሬው የተነሣበት የእ.ኤ.አ. 1993 ጥናት የተደረገው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነው፤ የታየውም ለውጥ በአንድ ዓይነት የቅርጽ ፈተና ላይ ብቻ ሆኖ ከ15 ደቂቃ ያልበለጠ ነበር። ሕፃን አልተፈተነም። ልጅ ሙዚቃ ይማር፤ ሙዚቃ ራሱ በቂ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለጸሐፊው እለቃለሁ። ዋና ያለ አስተማሪ የሚለመድ አይደለም፣ በጊዜ መጀመሩም ጥሩ ነው። ነገር ግን ዋና የሚማር ልጅም ሰምጦ ሊሞት ይችላል። የሚሰምጥ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፤ ስለዚህ መዋኘት በደንብ ካልቻለ ልጅ ጋር ያለ አዋቂ ውኃው ውስጥ ሆኖ እጁ የሚደርስበት ርቀት ላይ ይቆይ፣ ስልኩንም ያስቀምጥ። በክንድ ላይ የሚታሰር ፊኛ መጫወቻ ነው፣ የላይፍ ጃኬትን ቦታ አይተካም። ሁለተኛም የምለቀው ነገር፣ ቅዳሜ የሚሠሩ ወላጆች አሉ፤ ለእነሱ ኮርስ ማለት ልጅ በደህና የሚውልበት ቦታ ነው። ይህ ተገቢ ምክንያት ነው። ያን ጊዜ ሦስት የተለያየ ቦታ ከሚመላለስ ልጁ ከሚያውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ ቦታ ግማሽ ቀን ቢውል ይሻለዋል።

የመንገዱ ሒሳብ ሳይረሳ። የደርሶ መልስ ጉዞው እዚያ ከሚቆዩበት ጊዜ ከበለጠ ያ ኮርስ ለዚያ ቤተሰብ አይሆንም። 45 ደቂቃ ለሚቆይ ሥዕል በሄዱበት 40፣ በመጡበት 40 ደቂቃ መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ልጅ ዋናው ትምህርቱ መቀመጥ ሆኗል። የማታ ኮርስ ከሆነ ደግሞ ከእንቅልፉ ሰዓት ወደ ኋላ መቁጠር ነው፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ኮርሱ ይህን የሚበላ ከሆነ ትርፍ የለውም።

ማቋረጥን በተመለከተ ጸሐፊው የፈሩት ነገር ይገባኛል፤ በሦስተኛው ሳምንት «አልሄድም» የማይል ልጅ የለም። አዲስነቱ አልቆ ችሎታው ገና ያልመጣበት ሳምንት ነውና። መልሱ ግን «ምንም ቢሆን ይቀጥል» ሊሆን አይችልም። ሲመዘገብ ቁጥር ይነገረው፦ «ስምንት ጊዜ ትሄዳለህ፤ ከስምንተኛው በኋላ አብረን እንወስናለን።» ትንሽ ልጅ ወር አይገባውም፤ ስምንት ክብ ተሥሎለት በሄደ ቁጥር አንዱን ቢያቀልም ይገባዋል። መሃል ላይ ሲያለቅስ ከመገሠጽ በፊት ምክንያቱን መፈለግ። ርቦት ነው? ከእንቅልፉ ተነሥቶ ነው? ጫማው ጠቦታል? ከሱ የሚበልጡ ልጆች ቡድን ውስጥ ገብቷል? የሚያስለቅሰው በሩ ላይ መለያየቱ ነው ወይስ ትምህርቱ? በሩ ላይ አልቅሶ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚጫወት ልጅ ኮርሱን አልጠላም፣ መለያየቱ ከብዶታል፤ እሱን ቀድሞ በመድረስና እየለመደ እስኪገባ በመቆየት ማቅለል ይቻላል። ከመሄዱ በፊት ሌሊት ሆዱን የሚያመው፣ ከአንድ አዋቂ ጋር ብቻውን መሆንን የሚፈራ ልጅ ግን ስምንቱን እንዲጨርስ አይገደድም። ወዲያው ይወጣል፣ ምክንያቱም ይጣራል።

በሽልማት ማባበሉ ደግሞ ጉዳት አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸውንና ሥዕል የሚወዱ ልጆችን ፈተኑ። አንዱ ቡድን «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተብሎ ሣለ፤ ሌላው ሳይነገረው ተሸለመ፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ በነጻ ጨዋታቸው ሲታዩ፣ ሽልማት ተነግሯቸው የሣሉት ልጆች ወደ ሥዕሉ የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። ቀድሞ የሚወዱትን ነገር ሽልማቱ ወደ ሥራ ለወጠው። ልጁን የሚያቆየው «ዛሬ የቱ ከበደህ? አሳየኝ» የሚል ወላጅ ነው።

ወደ ሙዚየሙ እንሂድ። «ቀኑን ሙሉ» የሚለው ምክር ለአዋቂም አይሠራም። በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1916 «የሙዚየም ድካም» ስለሚለው ነገር ጽፏል። አንድ ሰው ዕቃዎቹን ለማየት ሲያጎነብስ፣ ሲንበረከክ፣ አንገቱን ሲጠመዝዝ ፎቶ እያነሣ ድካሙ ከአቀማመጡ እንደሚመጣ አሳየ። ያ አዋቂ ነበር። የአራት ዓመት ልጅ ቁመት አንድ ሜትር ግድም ነው፤ ለአዋቂ ዓይን ተለክቶ የተቀመጠ የመስታወት ሣጥን ለእሱ የሚያሳየው የመደርደሪያውን ጠርዝና የራሱን ነጸብራቅ ነው። ወላጁ አንድ ጊዜ በልጁ ቁመት ቁጢጥ ብሎ ቢመለከት ልጁ ለምን «እንሂድ» እንደሚል ወዲያው ይገባዋል።

ስለዚህ የሚታየው ነገር ሦስት ይሁን። ከመግባት በፊት ሽንት ቤት፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ አንደኛው፤ ትኩረቱ ሙሉ የሚሆነው መጀመሪያ ላይ ነውና የመግቢያው አዳራሽ ይለፍ። በእያንዳንዱ ፊት የሚሠራ ነገር ይሰጠው፤ ወረቀትና እርሳስ ይዞ እግሩን ብቻ እንዲሥል፣ ስንት ጥርስ እንዳለው እንዲቆጥር፣ እንደቆመበት አቋም ቆሞ እንዲያሳይ። አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ «ሌላም አለ?» እያለ ሳለ መውጣት። እንዲህ የወጣ ልጅ በሚቀጥለው ወር ራሱ ይጠይቃል። የመግቢያው ገንዘብ የባከነው ልጁ ሁለተኛ መምጣት ሲጠላ ነው። ጸሐፊው ያነሡት አንድ ሁኔታ ግን ትክክል ነው፤ ቦታው ሩቅ ሆኖ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚኬድ ከሆነ አንድ ሰዓት አያረካም። ያን ጊዜ ቀኑ ለሁለት ይከፈል፤ ጠዋት ሦስት ነገር፣ ከዚያ ውጭ ወጥቶ መሮጥና መክሰስ፣ ከሰዓት ሁለት ነገር።

ለዚህም ከመሄድ አንድ ቀን ቀድሞ መደወል ይጠቅማል። «ልጅ ይዞ የሚኬድባቸው ምርጥ ቦታዎች» የሚሉ ዝርዝሮች ሲቆዩ ይበላሻሉ፤ ቦታው ለዕድሳት ተዘግቶ፣ ሰዓቱ ተቀይሮ ይገኛል። ነገ ክፍት ነው? ልጆች የሚወዱት ክፍል ተዘግቷል? ወጥቶ በዚያው ቲኬት መመለስ ይቻላል? የልጅ ጋሪ ያስገባል? አጃቢ አዋቂ ይከፍላል? ጩኸትና መብራት ለሚያስጨንቀው ልጅ ሰው የሚቀንስበት ሰዓት መቼ ነው? ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ስልክ ነው።

ስለ ተራራቀ ዕድሜ የተባለው በከፊል ልክ ነው። የዕድሜ ገደብ ያለበት ትርኢትና ጥልቅ የመዋኛ ገንዳ ሦስት ዓመትና ዘጠኝ ዓመት አያገናኝም። እያንዳንዱ ልጅ አልፎ አልፎ ብቻውን ከወላጁ ጋር መውጣቱም መልካም ነው። «የሚያገናኝ ቦታ የለም» ግን ስህተት ነው። እንግሊዛዊው ቀራፂ ሳይመን ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ባቀረበው ሐሳብ ልጆችን የሚስበው ሊነሣ፣ ሊቀየር፣ ሊገጣጠም የሚችል ልቅ ነገር ብዛት ነው። ሸርተቴ አንድ ዕድሜ ይመርጣል፤ አሸዋ፣ ውኃ፣ ገመድ፣ ካርቶንና ድንጋይ አይመርጡም። የሦስት ዓመቷ ውኃውን ታፈሳለች፣ የዘጠኝ ዓመቱ ግድቡን ይሠራል፤ ውኃ የምታመጣለት እሷ ስለሆነች ታስፈልገዋለች። ጠብ የሚነሣው ትልቁ የሠራውን ትንሿ ስታፈርስ ነው። ለዚህ መላው ሁለት ቦታ ማዘጋጀት ነው፤ አንዱ የሚሠራበት፣ አንዱ እንዲፈርስ ታስቦ የሚከመር። ትልቁ «ጠብቃት» ብቻ ከተባለ ግን ቀኑን ይጠላዋል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከእሷ ነጻ የሚሆንበት ጊዜ ተለይቶ ይሰጠው።

የመጨረሻው ተረቱ ነው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የተባለው ቤተሰብ ሁሉ ለሚጠብቀው ሥራ ነው። የልጁ የራሱ ጨዋታ ግን እሱን ከበቃው በቃ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲጸድቅ አንቀጽ 31 ላይ ዕረፍትና ጨዋታን የልጁ የራሱ መብት አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ይህ ማለት የአምስት ዓመት ልጅ «የት እንሂድ?» ይባል ማለት አይደለም። እንዲህ የተጠየቀ ልጅ ባለፈው የሄደበትን ወይም የማይቻለውን ይጠራል፣ ከዚያ ክርክር ይሆናል። ገንዘቡ፣ ሰዓቱና ደህንነቱ የወላጅ ውሳኔ ነው። በዚያ ውስጥ ሁለት ቦታ ቀርቦለት አንዱን መምረጥ፣ እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚያስቀድም መወሰን፣ ቦርሳው ውስጥ የሚገባውን አንድ ነገር መምረጥ የሱ ነው። ምርጫው ከዋዜማው ማታ ይሁን፤ ጠዋት ጫማ እየተፈለገ ከሆነ ጊዜ ይበላል።

ጸሐፊው በዚሁ ነጥብ ሥር «ከመጫወቻ ቦታ ሲወጣ የሚያለቅስ ልጅ ሥርዓት ያልለመደ ነው» ብለዋል። ይህንንም አልቀበልም። የሚያስለቅሰው ድንገተኛነቱ ነው። «አምስት ደቂቃ ቀረህ» ሰዓት ለማያውቅ ልጅ ትርጉም የለውም፤ «ሁለት ነገር ቀረህ፣ የቱን ታስቀድማለህ?» ግን ይገባዋል። አንዱን ጨርሶ ሲመጣ «አሁን የመጨረሻው» ይባል፣ እሱም ይምረጠው። ሁለቱ ካለቁ በኋላ ወላጁ ከሌላ ወላጅ ጋር ወሬ ከያዘና አሥር ደቂቃ ከቆመ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «የመጨረሻው» የሚለውን ቃል ልጁ አያምነውም፤ ስለዚህ የወላጁ ስንብት ከልጁ ሁለት ነገር በፊት ይለቅ። ከዚያ መንገዱ ላይ ሥራ ይሰጠው፦ ቁልፉን ይያዝ፣ የበሩን ቁጥር ይፈልግ፣ ዛሬ ያነሣትን ድንጋይ ቤት የት እንደሚያስቀምጣት እስከ በሩ ድረስ ያስብ።